የሣሩ ቁመት ስንት ይሁን?

ለልጆች መጫወቻ ሰው ሠራሽ ሣር ለሚገዙ ወላጆች

ልጅ መጫወቻ ቦታ እንደሚያስፈልገው የማያውቅ እናት ወይም አባት የለም። ይሁንና በከተማ የሚኖር ቤተሰብ ይህን ቦታ ማግኘት ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደው መጥቷል። ቀድሞ የሰፈር ልጆች ኳስ ያንከባልሉበት የነበረው ባዶ መሬት ዛሬ ሕንፃ ቆሞበታል፤ መንገዱም የመኪና ሆኗል። በመሆኑም ትንሽ ግቢ ያለው ቤተሰብ በግቢው ጥግ፣ በጋራ መኖሪያ ቤት የሚኖረውም ከጎረቤቶቹ ጋር ተስማምቶ በሕንፃዎቹ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ላይ ለልጆች የምትሆን አነስተኛ ሜዳ ለማዘጋጀት ያስባል።

ችግሩ መሬቱ ነው። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ይሆናል። ሊሾ ቢደረግ ደግሞ የልጆችን ጉልበት ይልጣል። በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞቻችን የተሠሩ ትናንሽ የኳስ ሜዳዎች ሰው ሠራሽ ሣር ለብሰው ስለሚታዩ፣ ብዙ ወላጅ «ለእኛስ ግቢ ቢሆን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ወደ ሱቅ ሲሄዱ ግን ሻጩ አስቀድሞ የሚያነሣብዎ ጥያቄ ያልጠበቁት ሊሆን ይችላል። «ስንት ሚሊ ይሁንልዎ?» ይልዎታል። የሣሩን ቁመት መጠየቁ ነው። መልስ ያላዘጋጀ ሰው የቀረበለትን ናሙና በእጁ ይዳብስና፣ የቤት ምንጣፍ ሲገዛ እንደለመደው፣ ረጅሙንና ለምለም መስሎ የታየውን ይመርጣል። «ረጅም ከሆነ ለስላሳ ነው፤ ለስላሳ ከሆነ ልጄ ብትወድቅም አትጎዳም» ብሎ ያስባል። ይህ አስተሳሰብ ከኪስም ከልጅም ላይ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል፣ ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው ዓምዳችን ስለ ሣሩ ቁመት ዘርዘር አድርገን ልናወያይዎ ወደድን። ቁመቱን መወሰን ያለበት ዓይን አይደለም፤ በሜዳው ላይ የሚጫወቱት ልጆችና የሚጫወቱት ጨዋታ ነው።

ቁመት ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰው ሠራሽ ሣር እንደ ምንጣፍ የተሠራ ነገር ነው። ከሥሩ ጠንካራ ጨርቅ አለ፤ በጨርቁ ላይ የፕላስቲክ ክሮች ተሰፍተው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። የሣሩ ቁመት የሚባለው ክሩ ከጨርቁ ላይ ከወጣበት ቦታ እስከ ጫፉ ድረስ ያለው ርዝመት ነው፤ የጨርቁ ውፍረት በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ ሲለኩ ማስመሪያውን በክሮቹ መካከል አስገብተው ጨርቁ ላይ ያሳርፉት፤ ክሩን በጣትዎ ቀጥ አድርገው ያንብቡ።

ልኩ በሚሊ ሜትር ይነገራል። 10 ሚሊ ሜትር 1 ሳንቲ ሜትር ነው። 12 ሚሊ ሜትር ያለው ሣር እንደ ተላጨ ፀጉር አጭር ነው፤ 40 ሚሊ ሜትር ደግሞ በግምት የአንድ ክብሪት እንጨት ርዝመት ያህል ነው። በገበያ የሚገኘው ከ10 አካባቢ ተነሥቶ እስከ 60 ሚሊ ሜትር ይደርሳል።

ከቁመቱ ጎን ለጎን አንድ ነገር አይርሱ፦ ጥቅጥቅነቱን። ረጅም ሆኖ የሳሳ ሣር በጥቂት ወራት ውስጥ ይተኛል፤ አጭር ሆኖ ጥቅጥቅ ያለው ግን ለብዙ ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ይህን ለማየት ናሙናውን እንደ መጽሐፍ እጥፍ ያድርጉት። በእጥፋቱ ላይ ጨርቁ ገላጣ ሆኖ ከታየ ሣሩ የሳሳ ነው።

ቁመቱ እንዴት ተለያየ?

የሰው ሠራሽ ሣር ታሪክ በአብዛኛው የቁመት ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመጀመሪያው ትልቅ ሜዳ የተነጠፈው እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ አገር በሮድ አይላንድ፣ ሞዘስ ብራውን በተባለው ትምህርት ቤት ነበር። ስሙ የታወቀው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በሂዩስተን ከተማ የተሠራው አስትሮዶም የተባለው ጣሪያ ያለው ስታዲየም በተፈጥሮ ሣር ተከፍቶ ነበር። በጣሪያው የሚገባው የፀሐይ ብርሃን የተጫዋቾችን ዓይን ስላስቸገረ ጣሪያው ቀለም ተቀባ፤ ፀሐይ ያጣው ሣርም ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1966 በቦታው የተነጠፈው ሰው ሠራሽ ሣር ከስታዲየሙ ስም ተወስዶ «አስትሮተርፍ» ተባለ። አጭር የናይሎን ሣር ነበር፤ ከሥሩ ደረቅ፣ ለቆዳም ሻካራ።

ያ አጭር ሣር ለአንዳንድ ጨዋታ ግን የተመቸ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ የሜዳ ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ተካሄደ፤ ትንሿ ኳስ በአጭሩ ሣር ላይ በፍጥነትና በቀጥታ ስለምትንከባለል ጨዋታው ከዚያ ወዲህ ከተፈጥሮ ሣር እየራቀ ሄደ። ለእግር ኳስ ግን አልሆነም። በእንግሊዝ አገር ኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ እ.ኤ.አ. በ1981 ሜዳውን በሰው ሠራሽ ሣር ሲያለብስ ኳሷ ከልክ በላይ መንጠር ጀመረች፤ የወደቀ ተጫዋችም ቆዳው ተልጦ ይነሣ ነበር። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1988 ወደ ተፈጥሮ ሣር ተመለሰ።

መፍትሔ የመጣው በ1990ዎቹ መጨረሻ ክሩ ረዝሞ በመካከሉ አሸዋና የጎማ ፍርፋሪ ሲሞላ ነው። ዛሬ በየሰፈሩ የምናያቸው የእግር ኳስ ሜዳዎች የዚህ ዓይነት ናቸው።

ይህም ቢሆን ነገሩ ሁሉ አለቀ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በካናዳ የተካሄደው የሴቶች የዓለም ዋንጫ በሙሉ በሰው ሠራሽ ሣር ላይ እንዲሆን ሲወሰን፣ አቢ ዋምባክን ጨምሮ ታዋቂ ሴት ተጫዋቾች «ወንዶቹ በተፈጥሮ ሣር እየተጫወቱ እኛ ለምን?» ብለው በ2014 በካናዳ አቤቱታ አቅርበው ነበር። ከተቃውሞአቸው አንዱ በውድቀት ጊዜ የሚደርሰው የቆዳ መላላጥ ነው። አቤቱታውን በ2015 መጀመሪያ ቢያነሡትም፣ በዓለም ታላላቅ የሆኑት ተጫዋቾች ስለሚወድቁበት መሬት ያን ያህል ከተጨነቁ፣ እናት ስለ ልጇ መጫወቻ ጥቂት ብትጠይቅ አይበዛባትም።

ለየትኛው ጨዋታ የትኛው ቁመት?

ከመግዛትዎ በፊት ልጆችዎ ምን እንደሚጫወቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ልብ ብለው ይመልከቱ። ከዚያ ቀጥሎ ካለው ጋር ያመዛዝኑ።

1ኛ/ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር፦ ይህ አጭሩ ሣር ነው። ለሆኪና ፓዴል ለሚባለው የራኬት ጨዋታ ይህን የመሰለ ሣር ይነጠፋል። ኳስ በቀጥታ ይንከባለላል፤ እግር አይያዝም። ገመድ ለመዝለል፣ ለሰኞ ማክሰኞ፣ ለትንሽ ልጅ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌትና ለተሽከርካሪ ወንበር ይመቻል። ጉድለቱ የሚወድቅን ልጅ ብዙም አለማቀፉ ነው።

2ኛ/ ከ15 እስከ 25 ሚሊ ሜትር፦ አሸዋ ተሞልቶበት ለቴኒስና ልዩ ልዩ ጨዋታ በአንድ ላይ ለሚካሄድበት ሜዳ ይሆናል። በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ኳስ ሲመታ ሌላዋ ገመድ የምትዘል ከሆነ፣ አስታራቂው ቁመት ይህ ነው። መረብ ወጥሮ በእጅ ኳስ ለመቀባበልም የተመቸ ነው።

3ኛ/ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር፦ በገበያ በብዛት ለግቢ ማስዋቢያ የሚቀርበው ሣር በዚህ ቁመት አካባቢ ይገኛል። ለዓይን ያምራል፤ ሕፃን ቢቀመጥበት፣ ቢድህበት ደስ ይላል። ለማስዋቢያ የተሠራው ግን የሩጫና የኳስ ግጭት በየቀኑ እንዲችል ተደርጎ አልተሠራም። ለኳስ ከፈለጉት ለስፖርት የተሠራ መሆኑን ጠይቀው ያረጋግጡ።

4ኛ/ ከ40 እስከ 60 ሚሊ ሜትር፦ ይህ የእግር ኳስ ሣር ነው። አሸዋና ሌላ ሙሌት ካልገባበት በስተቀር ቀጥ ብሎ አይቆምም። እግር ኳስን እንደ ደንቡ ለሚጫወቱ ከፍ ያሉ ልጆች ጥሩ ነው፤ ለጠባብ ግቢ ግን ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ነው።

ለቅርጫት ኳስ ግን የትኛውም ቁመት አይሆንም። ኳሱ በሣር ላይ እንደሚገባው ስለማይነጥር ለእርሱ የለሰለሰ ሲሚንቶ ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ አደራ አለን። የግቢ ሜዳ ሲታሰብ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የወንድ ልጅ እግር ኳስ ብቻ ነው። 50 ሚሊ ሜትር የእግር ኳስ ሣር ከተነጠፈ በኋላ ገመድ የምትዘለው ልጅ እግሯ እየተያዘ ታቆማለች፤ ሰኞ ማክሰኞ የሚሠመርበት ቦታ አይገኝም፤ የትንሹ ልጅ ብስክሌት አይንቀሳቀስም። ማንም «አትጫወቱ» ሳይላቸው ከሜዳው ይወጣሉ። የሣሩ ቁመት ማን እንደሚጫወት፣ ማን ደግሞ ዳር ቆሞ እንደሚመለከት ይወስናል ማለት ነው። ስለዚህ ሲመርጡ ሴት ልጅዎንም፣ ትንሹንም፣ እግሩ የሚያስቸግረውን የጎረቤት ልጅም ይቁጠሩ።

ረጅም ሁሉ ለስላሳ አይደለም

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት እንመለስ። ረጅም ሣር በሱቅ ውስጥ ሲዳብሱት ለስላሳ የሆነው ገና ስላልተረገጠ ነው። ባዶውን ሲነጠፍና ልጆች ሲመላለሱበት ክሩ በአንድ ወገን ይተኛል። የተኛ ሣር እንደ ሳር ቤት ክዳን ያንሸራትታል፤ ሲረዝም ደግሞ የሚሮጥን እግር ጠልፎ ቁርጭምጭሚት ሊያጥፍ ይችላል። ስለሆነም ረጅም ሣር ያለ ሙሌት አይሆንም፤ ሙሌት ደግሞ ገንዘብና ጉልበት ነው።

ሒሳቡን አብረን እናስላ። 4 ሜትር በ8 ሜትር የሆነች ሜዳ 32 ካሬ ሜትር ናት። 20 ሚሊ ሜትር ሣር ነጥፈው 15 ሚሊ ሜትሩን አሸዋ ቢሞሉት ወደ ግማሽ ሜትር ኪዩብ ይጠጋል፤ ይህም 7 ኩንታል ገደማ ደረቅ አሸዋ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ሣር ነጥፈው 30 ሚሊ ሜትሩን ቢሞሉ ግን 1 ሜትር ኪዩብ ያህል ይሆናል፤ ወደ 14 ኩንታል መሆኑ ነው። ሻጩ በካሬ ሜትር የነገርዎ ዋጋ የሣሩ ብቻ ከሆነ፣ በቁመቱ ላይ የጨመሩት ሚሊ ሜትር በአሸዋው፣ በማመላለሻውና በሠራተኛው ዋጋ ተመልሶ ይመጣብዎታል።

ከሁሉም በላይ ልብ ሊሉት የሚገባው የሚወድቅ ልጅን የሚያድነው የሣሩ ቁመት ብቻ አለመሆኑን ነው። በሊሾ ላይ የተነጠፈ 40 ሚሊ ሜትር ሣር ጉልበትን ከመላጥ ሊያድን ይችል ይሆናል፤ ጭንቅላትን ግን አያድንም። ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ነውና! ልጅ ከዥዋዥዌ፣ ከመንሸራተቻ ወይም ከግድግዳ ላይ ሊወድቅ በሚችልበት ቦታ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ወፍራም ፎም ከሣሩ በታች መነጠፍ አለበት፤ ፎሙ ከስንት ሜትር ከፍታ ለሚደርስ ውድቀት እንደተፈተነም መጠየቅ ይገባል። ገንዘቡ ለሁለቱ የማይበቃ ከሆነ ከሣሩ ቁመት ቀንሰው ለፎሙ ቢያውሉት ይመረጣል። 20 ሚሊ ሜትር ሣር በፎም ላይ፣ 40 ሚሊ ሜትር ሣር በሲሚንቶ ላይ ከሚነጠፍ ይልቅ ልጅን ያቅፋል።

ፀሐይና የተላጠ ቆዳ

የተፈጥሮ ሣር በውስጡ ያለውን ውኃ እያተነነ ራሱን ያቀዘቅዛል። ፕላስቲክ ይህን ማድረግ አይችልም። በጠራራ ፀሐይ የሰው ሠራሽ ሣር ገጽ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ የተሞላበት ረጅም ሣር ደግሞ ሙቀቱን ይበልጥ ይይዛል። የሕፃን ቆዳ ከአዋቂ ቆዳ የሳሳ በመሆኑ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ወይም የሚድህ ልጅ ቶሎ ይቃጠላል።

በመሆኑም ሜዳውን ከተቻለ የዛፍ ወይም የቤት ጥላ በሚያርፍበት ወገን ያድርጉት። ልጆች ከመግባታቸው በፊት የእጅዎን ጀርባ በሣሩ ላይ አሳርፈው ቀስ ብለው እስከ አምስት ይቁጠሩ፤ እጅዎ ካልቻለው የልጅዎ እግርም አይችለውም። ውኃ መርጨት ያበርዳል፤ ነገር ግን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። በደረቅ ወራት ማለዳ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መጫወት ይሻላል።

ልጅ በሣሩ ላይ ተንሸራቶ ቆዳው ከተላጠ «ትንሽ ነው» ብለው አይለፉት። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ አገር በሴንት ሉዊስ ከተማ በነበረ አንድ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ውስጥ 5 ተጫዋቾች በሣር በተላጠ ቆዳቸው በኩል የተለመዱ መድኃኒቶች የማይበግሩት ተሕዋስ ገብቶባቸው ታመዋል። ሐኪሞች ነገሩን ሲመረምሩ ፎጣ መዋዋስና እጅን ቶሎ ቶሎ አለመታጠብ ጭምር ተገኘ። ስለዚህ ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይጠቡት፤ ክሩና አሸዋው ይውጣ፤ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት። የቡና ዱቄት አይነስንሱበት፤ የጥርስ ሳሙናም አይቀቡት። እያደር የሚቀላ፣ የሚያብጥ ወይም መግል የሚይዝ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያሻል።

በመካከሉ የሚሞላው ምንድን ነው?

ለግቢ ሜዳ ከሁሉ የሚቀለውና የሚረክሰው ሙሌት አሸዋ ነው። አሸዋው የታጠበ፣ ደረቅ፣ ደቃቅና ድቡልቡል ጠርዝ ያለው ይሁን። አፈር የቀላቀለ አሸዋ በመጀመሪያው ክረምት ጭቃ ሆኖ የውኃውን መውረጃ ይደፍናል፤ የተፈጨ ድንጋይ ደግሞ ክሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ካረጀ የመኪና ጎማ የተፈጨ ጥቁር ፍርፋሪ በትልልቅ ሜዳዎች ላይ የተለመደ ነው። በቤት ውስጥ ግን በልጆች ጫማና ካልሲ ተይዞ ምንጣፍ ላይ ይበተናል፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚከት ሕፃን ባለበት ቤትም አይመከርም። ፍርፋሪው በዝናብ እየታጠበ ወደ ወንዝና ወደ አፈር መግባቱም አሳሳቢ ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ እንዲህ ያለው የፕላስቲክና የጎማ ሙሌት ለሜዳ እንዳይሸጥ ወስኖ፣ ለመሸጋገሪያ እስከ 2031 ድረስ የ8 ዓመት ጊዜ ሰጥቷል። ከ15 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ያለውን ሣር የመረጠ ቤተሰብ አሸዋ ብቻ ስለሚበቃው ይህ ሁሉ ጣጣ አይነካውም።

ሱቅ ሲሄዱ

በመጀመሪያ ቦታውን በሜትር ለክተው ይሂዱ። ሣሩ ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 4 ሜትር ስፋት ባለው ጥቅል ይመጣል። ሜዳዎ 4 ሜትር በ8 ሜትር ከሆነ ከባለ 4 ሜትሩ ጥቅል 8 ሜትር አስቆርጠው ያለ ምንም መጋጠሚያ ያነጥፉታል። 5 ሜትር በ8 ሜትር ከሆነ ግን በርዝመቱ ሁለት ቁራጭ ቢያስቆርጡ 64 ካሬ ሜትር ከፍለው 24ቱን ይጥላሉ፤ በወርዱ ባለ 5 ሜትር ሁለት ቁራጭ ቢያስቆርጡ ግን ልክ 40 ካሬ ሜትር ይሆንልዎታል። ሁለቱ ቁራጮች ሲገጠሙ የክሮቹ ዝንባሌ ወደ አንድ ወገን መሆኑን ያረጋግጡ፤ አለዚያ ሜዳው ሁለት ቀለም ይመስላል።

ቀጥሎ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ሳያፍሩ ይጠይቁ፦

ሀ/ ክሩ ከምን የተሠራ ነው? ፖሊኢትሊን የሚባለው ለቆዳ ለስለስ ያለ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ይረክሳል፤ ግን ጠንከር ይላል፣ ከተኛም ቶሎ አይነሣም። ናይሎን ብርቱ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው።

ለ/ ፀሐይ እንዲችል ተደርጎ ተሠርቷል ወይ? በደጋ ከተሞቻችን አየሩ ቀዝቃዛ ቢመስልም ከፍታው የፀሐይዋን ጨረር ስለሚያበረታው፣ ይህ ያልተደረገለት ክር ይነጣል፤ ኋላም ይሰባበራል።

ሐ/ ከሥሩ ያለው ጨርቅ የውኃ መውረጃ ቀዳዳ አለው ወይ? በናሙናው ላይ አንድ ብርጭቆ ውኃ አፍስሰው ሲወርድ ይመልከቱ።

መ/ ክሩ ይነቀላል ወይ? ጥቂት ክሮች በጣትዎ ይዘው ጠበቅ አድርገው ይሳቡ። ክሩ በእጅዎ ከቀረ በልጆች እግር ሥር አይቆይም።

ሠ/ ናሙናውን መሬት ላይ አኑረው በጫማዎ ደጋግመው ይርገጡት፤ ከዚያ ምን ያህል ቀና እንደሚል ይታዘቡ። የክሩ ቁመት እንደተባለው መሆኑንም በማስመሪያዎ ይለኩ።

ከተነጠፈ በኋላ

ሣሩ የሚያምረው ከሥሩ ያለው መሬት ሲያምር ነው። ለስላሳው አፈር ተነሥቶ፣ ጠጠርና ገረጋንቲ ገብቶ በሚገባ ይጠቅጠቅ። በየ1 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ቦዩ ያዘንብል፤ የክረምት ዝናብ መሄጃ ካላገኘ ሣሩ ይሸታል፣ አረንጓዴ ሻጋታም ይይዛል። ረጅም ሣር እርጥበትና የዛፍ ቅጠል ይበልጥ ስለሚይዝ፣ ብዙ ዛፍ ባለበት ግቢ አጭሩ ለጽዳት ይቀላል።

በሳምንት አንድ ቀን ከተኛበት በተቃራኒ ወገን በጠንካራ መጥረጊያ ይጥረጉት፤ ክሩ ይነሣል፣ አሸዋውም ይስተካከላል። ልጆች በሸራ ጫማ ይጫወቱ። አንድ ነገር ግን በጥብቅ እናሳስባለን፦ የከሰል ምድጃ በሣሩ ላይ አይቀመጥ። ለቡና የተቀጣጠለ ከሰል አንዲት ፍም ብትወድቅበት ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ ቀዳዳውም አይሽርም። ለበዓል ጥብስ የሚጠበስበትም ቦታ ከሜዳው ይራቅ። ይህ ሣር በማግሥቱ ተጠርጎ የሚጣል ቄጠማ አይደለም፤ በጥሩ ሁኔታ የተነጠፈና የተያዘ እንደሆነ ከ8 እስከ 10 ዓመት ሊያገለግል ይችላል።

በመጨረሻም

ምርጫው ለቸገረው ቤተሰብ አሳባችንን በአጭሩ እናስቀምጥ። ልዩ ልዩ ዕድሜ ያላቸው ወንዶችና ሴቶች ልጆች በአንድ ላይ ለሚጫወቱባት ግቢ፣ ጥቅጥቅ ያለና በአሸዋ የተሞላ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ሣር፣ ከተቻለ ከፎም ጋር፣ ለብዙዎች ተስማሚ ነው። ከዚያ በላይ መርዘም ያለበት ልጆቹ ከፍ ብለው እግር ኳስን ዋና ጨዋታቸው ካደረጉ ነው፤ ከዚያ ማጠር ያለበት ጎማና ገመድ ከኳስ ከበለጡ ነው።

በጋራ መኖሪያ ግቢ የምትኖሩ ወላጆች ደግሞ መዋጮ ከመሰብሰባችሁ በፊት የነዋሪውን ማኅበር ፈቃድ ጠይቁ፤ ቁመቱንም በአንድ ሰው ምርጫ ሳይሆን የሁሉም ቤት ልጆች የሚጫወቱትን ቆጥራችሁ ወስኑ። ናሙና አምጥታችሁ ልጆቹ ለጥቂት ቀናት ይጫወቱበት። አንድ ካሬ ሜትር ናሙና ብዙ ክርክር ያበርዳል።

ገንዘቡ አሁን የማይደርስ ከሆነም መቸኮል አያስፈልግም። ድንጋዩ ተለቅሞ፣ ስባሪ ጠርሙሱ ተጠርጎ፣ ጉድጓዱ ተሞልቶ የተደለደለ መሬት ሳይዘጋጅለት በችኮላ ከተነጠፈ ውድ ሣር ይሻላል። ያ የተደለደለ መሬት ነገ ሣሩ ሲገዛም የሚነጠፍበት መሠረት ስለሆነ፣ የዛሬው ድካም ከንቱ አይቀርም። ሣሩ የሚገዛበት ቀን ሲደርስ «ስንት ሚሊ?» ለሚልዎ ሻጭ መልሱን ከቤትዎ ይዘው ይሂዱ።